ሌብል ማተሚያው ለምን ይንቀረፈፋል? ከ1513 ሮም እስከ ፋርማሲው መስኮት

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

"ሌብል ማተሚያችን ዘገየብን፤ ፍጥነቱ የሚጨመረው የት ጋ ነው?" የሚለው ጥያቄ በየመጋዘኑ፣ በየፋርማሲው፣ በየሱፐርማርኬቱ ይነሣል። ጠያቂው የሚፈልገው አንድ ቁጥር ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ 2 የነበረውን 6 አድርጎ መገላገል! ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ማሽኑ ግን ያው ነው። ይባስ ብሎ ጽሑፉ ይደበዝዛል፣ ባርኮዱም አልነበብ ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማተሚያ ፍጥነት ሁለት ጥያቄ ውስጥ ነው ያለው። ማሽኑ አስቀድሞ የሚያውቀው ምንድን ነው? በየጊዜው የሚነገረውስ ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ታሪኩ ውስጥ አለበት። እስኪ ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ዓ.ም. ያልኩበት ብቻ የእኛው ነው።)

1. ፊደል በመሳቢያ

በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ሰው ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ። በግእዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይኸው ነው። ፖትከን ቋንቋውን የተማረው ሮም ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ነው። አንድ ኢትዮጵያ ያልረገጠ ጀርመናዊ በዚያ ዘመን ፊደላችንን በእርሳስ አስቀርጾ ማተሙ ራሱ ይገርማል።

አሁን ግን የአታሚውን ድካም እንይ። የግእዝ ፊደል 26 ነው፤ ልክ እንደ ዛሬው እንግሊዝኛ። ግን እያንዳንዱ 7 ቤት አለው፤ 182 ቅርጽ መጣ ማለት ነው። ዲቃላዎቹ 20 ሲጨመሩ 202 ይሆናል። እያንዳንዱ ቅርጽ በብረት ይቀረጻል፣ ይመታል፣ በእርሳስ ይቀለጣል። ከባድ ሥራ ነው፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው። ከዚያ በኋላ ፊደሉ በመሳቢያ ይቀመጣል፤ ፊደል ለቃሚው ከመሳቢያው እያነሣ ይደረድራል። አንዱ ገጽ ሲያልቅ ፊደሉ ወደ ቦታው ተመልሶ ሌላ ገጽ ይሠራል።

ሌላም መንገድ ነበር። ሙሉውን ገጽ እንደ ሥዕል እንጨት ላይ መቅረጽ። የፈለግኸውን ቅርጽ ማውጣት ትችላለህ፤ መሳቢያም አያስፈልግህም። ግን አንዲት ቃል ከተቀየረች ሙሉ ገጹን እንደገና ልትቀርጽ ነው።

ይቺን ልዩነት ያዙልኝ። አንደኛው መንገድ ፊደሉን አጠገብ አስቀምጦ ትእዛዙን ብቻ መላክ ነው። ሁለተኛው በየጊዜው ሙሉ ሥዕል መሥራት ነው። የቀረው ታሪክ በሙሉ የእነዚህ ሁለት መንገዶች ትግል ነው።

ራስ ተፈሪ በ1914 ዓ.ም. ያቋቋሙት ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትም የሠራው በመጀመሪያው መንገድ ነው። የፊደል ለቃሚዎቹ ጣት የሚፈጥነው እያንዳንዱ ፊደል የት እንደተቀመጠ ስለሚያውቅ ነበር። የዛሬ ሰው ይህንን "ሚሞሪ" ይለዋል።

2. ሌብል ለምን እዚያው ቦታው ላይ መታተም ጀመረ?

በ1935 ስታንተን ኤቨሪ የሚባል አሜሪካዊ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተልጦ የሚለጠፈውን ሌብል ሠራ። ከዚያ በፊት ሌብል ማለት ሙጫ፣ ውኃና የተጨማለቀ ጣት ነበር።

ቀጥሎ ባርኮዱ መጣ። ጆሴፍ ዉድላንድ ማያሚ የባሕር ዳርቻ ላይ ተቀምጦ የሞርስን ነጥብና ሰረዝ ያሰላስላል። ጣቶቹን አሸዋው ላይ ሲጎትት ነጥቦቹ ወደ ቀጭንና ወፍራም መስመር ተዘረጉለት። ከጓደኛው ከበርናርድ ሲልቨር ጋር በ1949 ማመልከቻ አስገብተው በ1952 የፈጠራ መብቱን አገኙ። ግን የሚያነብ መሣሪያ በወጉ እስኪደርስ ሌላ ሃያ ዓመት ጠበቀ። ሰኔ 26 ቀን 1974 ኦሃዮ ግዛት፣ ትሮይ ከተማ፣ ማርሽ ሱፐርማርኬት ውስጥ አንድ ፓኬት የሪግሊ ማስቲካ በስካነር ተነበበ። ዋጋው 67 ሳንቲም። ዛሬ ባንኮኒው ላይ "ጢት" የሚለው ድምፅ የተጀመረው ያን ቀን ነው።

የማስቲካው ባርኮድ ግን ፋብሪካ ውስጥ በሚሊዮን የሚታተም ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነዋ! ችግሩ ያለው አንዱ ከሌላው የሚለይበት ቦታ ነው። የመጋዘን ካርቶን፣ የፖስታ እሽግ፣ የላቦራቶሪ የደም ብልቃጥ፣ የመድኃኒት ከረጢት። እዚህ ላይ እያንዳንዱ ሌብል ለብቻው፣ ያውም እዚያው ቦታው ላይ፣ በደቂቃ ውስጥ መታተም አለበት። ፋብሪካ ልኮ መጠበቅ አይቻልም።

3. በሙቀት መጻፍ

መፍትሔው ከሙቀት መጣ። በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ይሠራ የነበረው ጃክ ኪልቢ (በኋላ በ2000 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው) በ1960ዎቹ በሙቀት የሚያትም ጭንቅላት ሠራ። አሠራሩ ቀላል ነው። ደቃቅ ማሞቂያዎች በአንድ መስመር ይደረደራሉ። ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ወረቀት ከሥራቸው ያልፋል፤ ወይም የሪቦኑ ቀለም ቀልጦ ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል። የሚመታ ነገር የለም፣ የሚረጭ ቀለም የለም።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጃፓኑ ሳቶ በሪቦን የሚያትሙ የባርኮድ ማተሚያዎችን ይዞ ገበያ ወጣ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ኤድ ካፕላንና ጌርሃርድ ክሌስ በ1969 የመሠረቱት ዴታ ስፔሻሊቲስ የሚባል ኩባንያ በ1982 ወደ ባርኮድ ዞረ፤ በ1986ም ስሙን ዜብራ አለው። ዛሬ መጋዘን ውስጥ የምታዩት ማተሚያ ዜብራ ካልሆነ ብዙውን ጊዜ የእሱን ቋንቋ የሚረዳ ነው። ቋንቋውም ዜድ ፒ ኤል ይባላል።

"ማተሚያ ምን ቋንቋ ያስፈልገዋል?" ካላችሁ፣ እስኪ አብረን እናስላ።

4. የአንድ ሌብል ሒሳብ

የተለመደው የእሽግ ሌብል 4 በ6 ኢንች ነው። የተለመደው ማሽን በአንድ ኢንች 203 ነጥብ ያትማል። ወርዱ 812 ነጥብ፣ ርዝመቱ 1,218 ነጥብ ማለት ነው። ሲባዛ 989,016 ነጥብ። በአንድ ባይት 8 ነጥብ ስለሚገባ ሌብሉ እንደ ሥዕል ከተላከ 123,627 ባይት ነው።

በዚያን ዘመን ማሽኑ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኘው በሲሪያል ኬብል ነበር። የተለመደው 9,600 የሚባለው ፍጥነት በሰከንድ 960 ባይት ግድም ያሳልፋል። እንግዲህ አንዷ ሥዕል ለመድረስ 129 ሰከንድ ትፈጃለች፤ ከ2 ደቂቃ በላይ! 100 የተለያዩ ሌብሎች 3 ሰዓት ተኩል።

አሁን የፍጥነቱን ቁጥር እንንካው። በሰከንድ 2 ኢንች ሲሄድ ሌብሉ በ3 ሰከንድ ይታተማል፤ በሰከንድ 6 ኢንች ሲሄድ በ1 ሰከንድ። ቁጥሩን በሦስት እጥፍ ከፍ አድርገን ያተረፍነው 2 ሰከንድ ነው፤ ያውም ከ130 ሰከንድ ላይ! ሞተሩ ሲጀመርም ተበዳይ ነበር።

የማተሚያ ቋንቋ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ፊደሎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ማሽኑ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ልክ እንደ መሳቢያው። ኮምፒውተሩ "ከላይ እዚህ ቦታ ይህን ስም ጻፍ፣ እዚህ ባርኮድ አድርግ" የሚል አጭር ትእዛዝ ይልካል። 400 ባይት የሚሆን ትእዛዝ ግማሽ ሰከንድ አይፈጅም። ሥዕሉን ማሽኑ ራሱ ሚሞሪው ውስጥ ይሠራዋል።

ከዚህም አንድ እርምጃ አለ። የማይለወጠውን ሁሉ (የድርጅቱን ስም፣ አርማውን፣ መስመሮቹን) አንድ ጊዜ ቅጽ አድርጎ ማሽኑ ውስጥ ማስቀመጥ፤ ከዚያ በኋላ የሚለወጠውን ብቻ መላክ። ስም፣ ቀን፣ ቁጥር፤ 60 ባይት ቢሆን ነው። ተራ ቁጥር ከሆነማ ማሽኑ ራሱ ይቆጥራል፤ "ከ1 እስከ 500" ብለህ አንድ ጊዜ ታዘዋለህ፣ በቃ። በእርሳሱ ዘመን አታሚው የታሰረ ቅጹን ሳያፈርስ ቀኑን ብቻ እንደሚቀይረው ማለት ነው።

5. ሁለቱ ሚሞሪዎች

ማሽኑ ውስጥ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ አለ። አንዱ ራም ነው፤ ፈጣን ነው፣ ግን መብራት ሲጠፋ ሁሉንም ይረሳል። ሁለተኛው ፍላሽ ነው፤ መብራት ቢጠፋም አይረሳም፣ ግን የመጻፍ ዕድሜው የተወሰነ ነው። ስለዚህ በየሌብሉ ፍላሽ ላይ መጻፍ ማሽኑን ያለ ዕድሜው ማስረጀት ነው። የማይለወጥ ቅጽ፣ አርማና ፎንት ፍላሽ ላይ፤ ጊዜያዊው ነገር ራም ላይ። መብራት በሚመላለስበት አገር ይህ ልዩነት ቀልድ አይደለም። ቅጹን ራም ላይ ያስቀመጠ ሰው መብራቱ በጠፋ ቁጥር ሀ ብሎ ሊጀምር ነው።

ራም ሌላም ሥራ አለው። ማሽኑ አንዱን ሌብል እያተመ ቀጣዩን የሚያዘጋጀው እዚያ ውስጥ ነው። ቦታ ከሌለው አትሞ ይቆማል፣ ያስባል፣ ይቀጥላል። "እየቆመ ይሄዳል" የምትሉት ይሄ ነው። ቦታ የሚያጣበትም ምክንያት ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። አንደኛው ማንም የማይጠቀምበት የድሮ አርማና ፎንት ሞልቶት ነው። ሁለተኛው የሌብሉ መጠን በትክክል ስላልተሞላ ነው፤ 2 ኢንች ለሆነ ሌብል 6 ኢንች ተብሎ ከተነገረው ለባዶው ቦታ ሁሉ ሚሞሪ ይይዛል። ሦስተኛው በኢንች 300 ነጥብ የሚያትም ማሽን ስለሆነ ነው፤ ያው የ4 በ6 ሌብል 270,000 ባይት ይሆናል፤ ከእጥፍ በላይ።

6. ሥዕሉ ተመልሶ መጣ

ከዚያ ዊንዶውስ መጣ፣ ዩኤስቢ መጣ፣ ኔትወርክ መጣ። ኬብሉ ፈጠነ። ዛሬ ያቺ 124 ሺህ ባይት በዩኤስቢ ሰከንድ ሳይሞላ ትደርሳለች። ስለዚህ ድራይቨሩ "ምን አስጨነቀኝ" ብሎ ሌብሉን ሙሉ በሙሉ ሥዕል አድርጎ መላክ ጀመረ። እንጨት ላይ ወደ መቅረጽ ተመለስን ማለት ነው፤ እንጨቱ ስለረከሰ ብቻ።

ለአንድ ሌብል ችግር የለውም። ነገር ግን 500 የተለያየ ሌብል በተከታታይ ሲላክ፣ ወይም ማሽኑ በደካማ ዋይፋይ ወይም በብሉቱዝ ሲያያዝ፣ የድሮው ሒሳብ ተመልሶ ይመጣል። ያኔ ሰው ሞተሩን ይወቅሳል።

7. የእኛ ፊደልስ?

ዋናው ነገሬ እዚህ ላይ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ማሽኑ ውስጥ የነበረው የላቲን ፊደል ነው። "ሀ" አልነበረችም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሌብል በ400 ባይት ሲሄድ በአማርኛ የተጻፈው ግን ሥዕል ሆኖ ነበር የሚሄደው። አማርኛ የዘገየው ከባድ ቋንቋ ስለሆነ አይደለም፤ መሳቢያው ውስጥ ቦታ ስላልተሰጠው ነው።

ይህ መጀመሪያችንም አልነበረም። የአማርኛን የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ የታገሉት ከዚሁ ጋር ነው። ለላቲን የተሠራ መኪና ላይ ከ200 በላይ ቅርጽ አይገባምና ፊደሉ ተቆራርጦ፣ ቅጥያው በላዩ እየተመታ እንዲወጣ ሆነ። ኮምፒውተር ሲመጣም እንደዚያው ነው። እነ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ፊደላችንን ለላቲን በተመደበ ቁጥር ላይ ነበር ያስቀመጡት። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ የላቲን ዝባዝንኬ ይሆናል፤ ይህ ያልደረሰበት የዘመኑ ጸሐፊ አለ?

በ1999 የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። እያንዳንዱ ቅርጽ የራሱ ቁጥር ተሰጠው፤ "ሀ" የትም ዓለም "ሀ" ሆነች። አዳዲሶቹ የሌብል ማተሚያዎች ደግሞ ዩኒኮድ ይረዳሉ፤ ፎንትም ተጭኖባቸው ፍላሻቸው ላይ ያስቀምጣሉ። የእኛ ፊደል ለዚህ አመቺ ነው። እንደ ዐረብኛ ከጎረቤቱ ጋር እየተያያዘ ቅርጹን አይለውጥም፣ ከቀኝ ወደ ግራም አይጻፍም። አንድ ቁጥር፣ አንድ ቅርጽ። በጥቂት መቶ ኪሎባይት የሚለካ ፎንት አንድ ጊዜ ከተጫነ የአማርኛው ሌብል እንደ እንግሊዝኛው በአጭር ትእዛዝ ይሄዳል። ፖትከን በእርሳስ ያደረገውን እኛ በፍላሽ ልናደርገው እንችላለን ማለት ነው። አቅሙ ያላቸው ማሽኖች አሉ፤ የሚጭንላቸው ሰው ግን ያስፈልጋል።

8. የፍጥነቱ ቁጥርስ ሥራ የለውም?

አለው እንጂ! ግን ብቻውን አይነካም። ሙቀት ጊዜ ይፈልጋል። ወረቀቱ ቶሎ ካለፈ ነጥቡ በደንብ ሳይሞቅ ይቀራል። ስለዚህ ፍጥነት ሲጨመር ጥቁረቱም (ዜብራ ላይ ከ0 እስከ 30 ነው) ትንሽ ይጨመራል። ከልክ በላይ ከጨመሩት ደግሞ መስመሮቹ ያብጣሉ፣ የማተሚያው ጭንቅላትም ዕድሜው ያጥራል። የሰም ሪቦን ቶሎ ይቀልጣል፤ የሬዚን ሪቦን ግን የበለጠ ሙቀትና ዝግታ ይፈልጋል።

የባርኮዱ አቀማመጥም ወሳኝ ነው። መስመሮቹ ከወረቀቱ ጉዞ ጋር ትይዩ ሲሆኑ (እንደ አጥር) ፍጥነት ይችላሉ። አግድም ሲሆኑ ግን (እንደ መሰላል) ማሞቂያው እስኪበርድ ወረቀቱ ስለሚያልፍ ጠርዛቸው ይዘላል፤ ስካነሩም ያኮርፋል። የማይነበብ ባርኮድ በፍጥነት ማተም ምን ይጠቅማል? ሰውየው በእጁ ቁጥር ሊያስገባ ነው፤ ያተረፍናት ሰከንድ እዚያ ጋ በደቂቃ ትከፈላለች።

9. እንግዲህ በቅደም ተከተል

ማሽናችሁ ሲዘገይ መጀመሪያ እዩት። በሌብሎቹ መካከል እየቆመ ነው ወይስ ሲያትም ነው የሚንቀረፈፈው? የሚቆም ከሆነ ችግሩ የሚላከው ነገርና ሚሞሪው ላይ ነው።

መጀመሪያ የሌብሉን ትክክለኛ መጠን ሙሉ። ቀጥሎ ማንም የማይጠቀምበትን የድሮ አርማና ፎንት አጥፉ፤ ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ቅጂ ያዙ። የማይለወጠውን ቅጽ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። አማርኛ የምታትሙ ከሆነ ማሽኑ ዩኒኮድ እንደሚረዳ አረጋግጡና ፎንቱን ጫኑበት። ተመሳሳይ ሌብል 50 ከፈለጋችሁ 50 ጊዜ አትላኩ፤ አንድ ጊዜ ልካችሁ "50 አትም" በሉት። በጥቅል ስታትሙ ሌብሉን ለመቅደድ አውጥቶ መልሶ የሚስበውን ሴቲንግ ዝጉት፤ በየሌብሉ የምትባክን ጊዜ ናት። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ፍጥነቱን አንድ አንድ ደረጃ እየጨመራችሁ በየደረጃው ባርኮዱን በስካነር ሞክሩት። መነበቡ የተጠራጠረበት ቦታ ላይ አንድ ደረጃ መልሱት። አለቀ።

10. ለምን ይሄን ሁሉ ጻፍኩ?

የዘገየ ነገር ይተዋላ! ሰልፍ ተሰልፎ፣ ባለሙያው ተጨናንቆ፣ የአማርኛው ሌብል እየተንቀረፈፈ ከሆነ ማንም ክፉ ሳይሆን የአማርኛው መስመር ይሰረዛል። "በእንግሊዝኛ ይሁን፣ ይፈጥናል" ይባላል። ማንም አይቃወምም፤ ቴክኒክ ነዋ!

መድኃኒቱን ተቀብለው ወደ ቤት የሚሄዱት እናት ግን "በቀን 2 ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ" የምትለዋን መስመር በሚያነቡት ፊደል ማግኘት አለባቸው። ያቺ መስመር የጠፋችው በፖሊሲ ላይሆን ይችላል። አንድ ማሽን ውስጥ አንድ ፎንት ስላልተጫነ ብቻ ልትጠፋ ትችላለች። ዋሽንግተንም ሆነ አዲስ አበባ የእንጀራ ፓኬት ላይ ሌብል ለሚለጥፈው ባለሱቅም ነገሩ ያው ነው።

የፊደል ጉዳይ ሲነሣ ብዙዎቻችን ስለ ብራናና ስለ ሐውልት ጽሑፍ እናወራለን፤ ደግ ነው። ግን ፊደል የሚኖረው በየቀኑ በሚታተምበት ቦታ ነው፤ በደረሰኝ፣ በከረጢት፣ በብልቃጥ ላይ። ያ ቦታ ደግሞ ዛሬ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ሚሞሪ ብቻ ነው የሚጠይቀን።

እናንተ ጋ ያለው ማሽን አማርኛ ያትማል? በሥዕል ነው ወይስ በፎንት? መልሱን የምታውቁ ኮመንት ላይ ጻፉልን፤ ለማያውቀው ይጠቅማል። መጋዘን ወይም ፋርማሲ የሚሠራ ወዳጅ ያላችሁ ደግሞ ሼር አድርጉለት።

ቸር እንሰንብት!